«ገደልከኝ» ያሉት ከበሮ መቺ

ድም። ድም። ድም-ድም። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና ድም።

ኢንስፔክተሩ ድምፁን የሰማው ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ነው። የስክሪብቶው ክዳን ተንከባልሎ ገብቶበት በአራት እግሩ እየዳኸ ሲያስስ፣ ልክ ከራሱ በላይ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ይደቃ ጀመር። ኢንስፔክተሩ ምት የሚባል ነገር በሕይወቱ ገብቶት አያውቅም። በገዛ ሠርጉ ላይ እንኳ ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ እሱ አንድ ጭብጨባ እየዘገየ ስላስቸገረ፣ ሙሽሪት እጁን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የዋለችው። ይኼኛው ድምፅ ግን ደህና ነገር ይዞ እንዳልመጣ ለእሱም ገባው።

«ይኸውልዎ፣ እንዲህ ነው የሚለው» አለ ከላይ የሴት ድምፅ። «በየማለዳው ጣሪያዬ ላይ! በእግሩ! ድም፣ ድም፣ ድም-ድም። ዛሬም እንዲሁ ሲል ሲል ቆየና . . .»

ኢንስፔክተሩ ሊነሳ ሲል ጠረጴዛው አናቱን አገኘው።

«ልክ እንደዚህ!» አለች ሴትዮዋ። «ዱብ! አለና ቀረ።»

አናቱን እያሻሸ ብቅ ሲል ቀጭን፣ ጣቶቿ ረዣዥም የሆኑ ሴት ቆማለች። ቤቷ ቁጭ ብላ የሰው ጽሑፍ የምትተይብ ታይፒስት ናት፤ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ነው የመጣችው። የቀኝ ትከሻዋ በውሃ ርሷል።

«እትዬ፣ አመጣጥዎ በአጭሩ?»

«ከጣሪያዬ ውሃ ይንጠባጠባል። ታይፔ ላይ! ደግሞም ላዬ ላይ ሰው ሳይሞት አይቀርም።»

«የትኛው ይቀድማል?»

«ውሃው» አለች፣ ሳታመነታ። «ሰውየውማ ከሞተ አይቸኩልም።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ሳጅን ሳቋን በሳል ሸፈነችው። ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን ገለጠ። በጣቢያው ውስጥ «ዝርዝር» ነው የሚሉት፤ አንድን ነገር ከነቁጥሩና ከነኮማው ካልጻፈ እንቅልፍ አይወስደውም፣ የጻፈውን ደግሞ ለሰው ካልተናገረ አይረካም።

«ከዱብታው በፊት ሌላ የሰሙት ነገር አለ?»

«እንዴ! ጩኸት ነዋ! በመጀመሪያ ‹ገደልከው!› አለ። ትንሽ ቆየና ‹ገደልከኝ!› አለ።»

«ገደል‑ከ‑ኝ? በ‹ከ›?»

ታይፒስቷ የተሰደበች መሰላት። «ወንድሜ፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፊደል ስለቅም ነው የኖርኩት። በ‹ከ› ነው። ‹ሽ› ብትሆን ‹ሽ› እላለሁ።»

«ስንት ጊዜ ጮኹ?»

«ከሁለተኛው በኋላ ሬዲዮ ከፈትኩ። ሥራ አለብኛ!»

*

ከታይፒስቷ በላይ ያለው ቤት በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። የሕንፃው ዘበኛ በመለዋወጫ ቁልፍ ሲከፍተው ሦስቱም ተገፋፍተው ገቡ፤ ታይፒስቷ ባልዲ ይዛ ከኋላ።

ሽማግሌው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ዝሆን የሚያክል ትከሻ፣ የልጅ የመሰለ ፊት፤ በሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ድምድም» ናቸው። አርባ አንድ ዓመት በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ትልቁን ከበሮ ሲመቱ ኖረው፣ ከአራት ወር በፊት ልባቸው ችግር አምጥቶ ጡረታ ወጥተዋል። ሳጅኗ ተንበርክካ አንገታቸው ላይ ሁለት ጣት አኖረች።

«አሉ!» አለች። «ግን እንዴት እንዳሉ እንጃ። አንዴ ይመታል፣ ይጠፋል፣ ሁለቴ ይመታል፣ ደግሞ ይጠፋል። ኧረ አምቡላንስ!»

ዘበኛው ለመደወል ሲሮጥ ኢንስፔክተሩ ዙሪያውን ቃኘ። ቧንቧው ተከፍቶ ወለሉ ላይ ሳይቀር ይረጫል። መታጠቢያው ውስጥ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አፏን ከፍታ ተጋድማለች። ውሃው የነበራትን ሁሉ አጥቦ በቀዳዳው ወስዶታል፤ ጥጓ ላይ ብቻ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀርቷል። ወረቀቷ ርሶ ቀለሙ ፈሷል። ብርሃን ላይ ይዞ ሲያነብ «ሲዛባ አንድ» የሚል ይታያል፤ ከሱ በፊት ያለው ቃል መጨረሻው «ት» ነው፣ ፊተኛው ፊደል ግን «መ» ይሁን «ሞ» ይሁን «ም» አይለይም።

«ጌታዬ» አለች ሳጅኗ፣ ከመኝታ ክፍሉ። ቁም ሣጥኑን ከፍታ ጭንቅላቷን አስገብታለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«‹ገደልከው› ብለዋላ፣ ‹ገደልከኝ› ከማለታቸው በፊት። ስለዚህ ሌላ ሬሳ አለ።»

ሌላ ሬሳ አልነበረም። አልጋው ሥር አንድ ጥንድ ጫማና አንድ የተሰነጠቀ የከበሮ ዱላ ነው የተገኘው። ሳሎን ውስጥ ግን አንዲት ወንበር ከቦታዋ ተጎትታ መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ መስኮቱም በዚያ ብርድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መንገዱን ተሻግሮ ረጅም አዳራሽ ይታያል፤ የእሱም መስኮቶች ክፍት ናቸው፣ ድምፅ ግን የለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ተቀምጧል።

ዘበኛው ተመልሶ መጣ። «በእናቴ ስም እምላለሁ ጌታዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከደረጃው አልተነሳሁም። የወጣች ባለቤታቸው ብቻ ናት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል። የገባ ወንድ የለም። ድመት እንኳ አልገባም።»

ኢንስፔክተሩ ጻፈ፦ *የተቆለፈ በር። የገባ ወንድ የለም። ወንድ ገድሏቸዋል።* ከዚያ ትንሽ አሰበና «ገና አልሞቱም» ብሎ ከሥሩ ጨመረ።

*

ሐኪሟ አጭር ናት፤ የምትናገረውም እንደሷው አጭር ነው።

«ልባቸው በደቂቃ ሠላሳ ስምንት ይመታል። እሱም እየተንገዳገደ።»

«መርዝ ነው?»

«መድኃኒት ነው። ሲበዛ ያው ነው። ቤታቸው ምን አገኛችሁ?»

ሳጅኗ ሦስት ጠርሙስ ዘረገፈች። ነጭና ቀይ ኪኒን ያለባቸውን ከባለቤታቸው የቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳክራ ቆጥራቸዋለች፤ አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ሦስተኛዋ ባዶዋ ናት።

«እንግዲያው ቢጫዋ ናት» አለች ሐኪሟ፤ ፊቷ ተለወጠ። «ስንት ዋጡ?»

«እሱን ነው የማናውቀው። ቧንቧው ጠጥቶታል።»

«ስሙኝ። ከአራት በታች ከሆነ እዚሁ አልጋ ላይ አስተኝቼ እጠብቃቸዋለሁ፣ መድኃኒቱ ራሱ ከሰውነታቸው ይወጣል። አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ የልብ ማሽን ወዳለበት ወደ ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው፤ ዛሬ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ተነስተው።»

«ታዲያ ለምን አሁኑኑ አይላኩም?»

«የሁለት ሰዓት ኮረኮንች መንገድ ነው። ይኼ ልብ ያለ በቂ ምክንያት ከተንገላታ መንገድ ላይ ይቆማል። ያለ በቂ ምክንያት እዚህ ከተኛም ይቆማል። የደም ምርመራው ውጤት ነገ ነው የሚመጣው። ነገ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ቁጥር አምጡልኝ።»

የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ከሩብ ይላል።

*

ባለቤታቸውን ኮሪደሩ ላይ አገኟቸው። ገና ከጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተነስተው ነው የመጡት፤ የግራ ጉንጫቸው ሎሚ የዋጠ መስሎ አብጧል፣ አፋቸውም ግማሹ ደንዝዟል። ኢንስፔክተሩ ‹ማለዳ የት ነበሩ?› ብሎ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ ጉንጫቸውን ሲያይ ተወው።

«እትዬ፣ ያቺን ቢጫ ኪኒን ማን ሰጣቸው?»

«ዶትቶሩ ነዋ ያዠዠው» አሉ፣ ዕንባቸው በደህናው ጉንጭ እየወረደ። «ትናንት ማታ። ሞት ሺዣባ አንድ ብሎ።»

ኢንስፔክተሩ ስክሪብቶው ቆመ። «ሞት ሲዛባ?»

«ሞት ሳይሆን ሞት!»

«እኮ ሞት።»

«ሞ—ት! ሞት!» ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጠው በቡጢ ደረታቸውን መቱ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

«አይዞዎት እትዬ» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ልቡ ተነክቶ። «ገና ደረት የሚመታበት ሰዓት አልደረሰም። እሳቸው በሕይወት አሉ።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩት። ስክሪብቶውን ከእጁ ቀምተው ሊጽፉለት ሲሉ ነርሷ «ይጠሩዎታል፣ እጃቸውን ይያዙላቸው» ብላ ጎትታ ወሰደቻቸው። ስክሪብቶውም አብሯቸው ሄደ።

«እኔ ሴትዮዋ አላማሩኝም» አለች ሳጅኗ።

«ጉንጫቸው ነው ያላማረሽ። እሳቸው ከሆኑ ለምን ‹ገደልሽኝ› አላሉም? በጭንቅ ሰዓት ሰው ‹ከ›ና ‹ሽ› አይምታታበትም።»

«እና በተቆለፈ በር የገባው ወንድ ማን ነው?»

«እሱን ‹ሞት ሲዛባ› ብሎ የጻፈው ሰው ይነግረናል። እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ጤነኛ አይደለም።»

*

የጻፈው ሰው የመድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ፣ የአየር ጠባዩን ሳይቀር እንደ ምስጢር በሹክሹክታ የሚያወራ ሰው ነው። የሰጠውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ደብተር አውጥቶ ዘረጋ።

«ምት» አለ በሹክሹክታ። «‹ምት ሲዛባ አንድ ፍሬ።› የልብ ምት። ሞት ማን አለ?»

ኢንስፔክተሩ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሳጅኗ መደርደሪያ ላይ ያለውን የጥርስ ሳሙና በትኩረት ማንበብ ያዘች።

«ሦስት ዓይነት ኪኒን ለአንዲት ልብ ምን ያደርጋል?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ወሬ ለመለወጥ።

«ልብ ሁለት ፎቅ ናት በሉ» አለ ፋርማሲስቱ። «የጋሽ ድምድም በሽታ የላይኛው ፎቅ ነው። እዚያ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ይንጫጫሉ፣ መሪ የለም። ነጯ ኪኒን ደረጃው ላይ የቆመች ዘበኛ ናት፤ ጫጫታውን አታስቆምም፣ ግን ወደ ታች አንድ ባንድ እንጂ አታሳልፍም። እሷ በየማለዳው ናት። ቀይዋ ከምቱ ጋር ጉዳይ የላትም። ልብ ሲንቀጠቀጥ ደም ጥግ ላይ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ አንጎል የሄደ ዕለት ሰው በቁሙ ግማሽ ይሆናል። ቀይዋ ያን እንዳያደርግ ደሙን ታቀጥናለች። ማታ ማታ። ሰው ‹ዛሬ ደህና ነኝ› ብሎ የሚተዋት እሷን ነው፣ አትተዉ።»

«እኔን ነው?»

«ሁሉንም ሰው ነው የምለው። ቢጫዋ እንግዲህ ላይኛው ፎቅ ወጥታ ‹ዝም በሉ!› የምትል ናት። ዕለት ዕለት አይደለችም፤ ጫጫታው የተነሳ ጊዜ አንድ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። በላይ በላዩ ከወሰዷት ራሷ ትንጫጫለች። ያስተካከለችውን ራሷ ታዛባለች።»

«‹በቀን ከአንድ አይበልጥም› ብለው ጻፉላቸው?»

ፋርማሲስቱ ሹክሹክታውም ጠፋው። «ወረቀቷ ጠባብ ናት። በቃል ልነግራቸው ስል ስልክ ጮኸ።»

«ስልኩን አነሱት?»

«አነሳሁት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ወደ ራሱ ሳበው።

«እሳቸው ወረቀቱን ሲያነቡ ምን አሉ?»

«ሳቁ። ‹በዚህ ልጅ አያያዝማ ጠርሙሷ ዓርብን አታይም› አሉኝ። እኔም ሳቅሁ።»

«የቱ ልጅ? ምኑ ነው ያሳቀዎት?»

«አላወቅሁም። ሽማግሌ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ፤ ልማድ ነው።»

*

ከመድኃኒት ቤቱ ወጥተው ሲራመዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ኢንስፔክተሩ በልቡ ነገሩን እያገላበጠ ነው። ልጅ። ወንድ። በር ሳይከፍት የሚገባ፣ በ‹ከ› የሚጠራ፣ ሁለት ጊዜ የሚገድል። ከፊታቸው ያ ረጅሙ አዳራሽ ነበር፤ አሁን ከመስኮቶቹ የነሐስ ጩኸትና የከበሮ ጉርምርምታ ይወጣል። ለኢንስፔክተሩ ጆሮ ሙዚቃ ሁሉ አንድ ነው፤ ዕቃ ከደረጃ ሲወድቅ ማለት ነው።

ሳጅኗ ግን ጥርሷን ያመማት ይመስል ፊቷን አጨማደደች። «ኧረ ገደለው!» አለች።

ኢንስፔክተሩ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። አንድ ብስክሌተኛ ተሳድቦ አለፈ።

«ምን አልሽ?»

«ገደለው አልኩ። ማርሹን። ከበሮው እኮ ሳተ፣ አልሰሙም?»

«ድገሚው።»

«ከበሮው ምት ሳተ፤ ዜማውን ገደለው። ምን ሆኑ፣ ጌታዬ?»

ኢንስፔክተሩ ቀና ብሎ አየ። ከመንገዱ ወዲህ የጋሽ ድምድም መስኮት እንደተከፈተ ነው፤ የወንበሩ ጀርባ ይታያል፣ ግማሽ የቀረው ብርጭቆ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ወዲያ ማዶ ከበሮው። ከመስኮት እስከ መስኮት አንድ ሰው በደንብ ቢጮህ ይሰማል።

«ምት ሲዛባ አንድ ፍሬ» አለ ቀስ ብሎ። «የማን ምት እንደሆነ ወረቀቷ አትልም።»

ሳጅኗ አፏን ያዘች። «ኧረ እንዳይሆን!»

«አርባ አንድ ዓመት ከበሮ የመታ ሰው ‹ምት› ሲባል ምን ትዝ የሚለው ይመስልሻል? ሩጪ!»

*

ሃያ ሁለቱ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን አውርደው አዩዋቸው። አዲሱ ከበሮ መቺ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ አዲስ ሸሚዝ የለበሰ፣ ላቡ የወረደ ሰው ነው። ጋሽ ድምድም ራሳቸው ያስተማሩት፣ ቦታቸውን የተካ። የሙከራ ጊዜው ዓርብ ያበቃል። የጓዱ መሪ ቋሚ አድርጎ ይቅጠረው አይቅጠረው ለመወሰን ሽማግሌውን «በመስኮት ሆነው ይስሙልኝና ይንገሩኝ» ብሏቸዋል፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል።

«ዛሬ ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል የት ነበርክ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እዚሁ ነዋ፣ ከበሮዬ ላይ! ሃያ አንድ ሰው ምስክር አለኝ።»

«ጋሽ ድምድም ‹ገደልከኝ› ብለው ጮኸውብሃል።»

«ጋሼማ ልማዳቸው ነው። ልምምድ በሆነ ቁጥር ይጮኻሉ። እኔ ምን አደረግኩ?»

«ስንት ጊዜ ሳትክ?»

ከበሮ መቺው የጓዱን መሪ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ መሪው ክንዱን አጣምሮ ቆሟል።

«አንድም» አለ።

«አንድም?»

«አንዲትም ምት አልሳትኩም።»

ኢንስፔክተሩ በዘመኑ ብዙ ሰው «አልሰረቅኩም፣ አልመታሁም፣ እዚያ አልነበርኩም» ሲለው ሰምቷል። እንዲህ ያለ ክህደት ግን አላጋጠመውም። ለሰዉ ሁሉ ነገሩን አስረዳ፤ ቢጫዋን ኪኒን፣ ወረቀቷን፣ በእያንዳንዱ ስህተት የተዋጠችውን አንዳንድ ፍሬ፣ ሐኪሟ የምትጠብቀውን ቁጥር፣ ስድስት ሰዓትን። ሲጨርስ ትሮምቦን ነፊው እጁን አወጣ።

«አሥራ አንድ ጊዜ ስቷል።»

«ውሸት!» አለ ክላርኔቱ። «ሁለቴ ነው። ዘጠኙ ያንተ ናቸው።»

«የኔ?»

«አዎ ያንተ! ሰውየው በትሮምቦን ስህተት ኪኒን አይውጡማ!»

«እኔ አምስት ነው የቆጠርኩት» አለ ቱባው ከኋላ፤ «መሃል ላይ ግን ትንሽ አሸልቤያለሁ።»

ሁከቱ ጣሪያ ነካ። ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ፤ ለስድስት ሃያ አምስት ጉዳይ። ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፤ ከዚህ ውስጥ ሰው የሚያድን ቁጥር የትኛው ነው? ከበሮ መቺው አጠገብ ሄዶ የከበሮው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ከበሮውም «ቡም» አለ።

«ስማ ወንድሜ» አለ ዝቅ ብሎ። «እኔ ምት አላውቅም። በሠርጌ ቀን ሚስቴ እጄን ይዛኝ ነው የዋለችው። ሰው ሲስት እኔ አላውቅም፣ ሳይስትም አላውቅም። የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ አልጋ ላይ ነው፣ አፉን አይከፍትም። አንዱ አንተ ነህ።»

ሰውየው ዱላዎቹን አየ።

«መሪው ይወጡልኝ» አለ።

«አልወጣም» አለ መሪው።

«እንግዲያው ይስሙ።» ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁ ሳያዘው በጭኑ ላይ መምታት ጀመረ፤ ጠዋቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ይጫወተዋል። ጣቱ በድንገት ቆመች። «አንድ። መግቢያው ላይ፣ ቸኩያለሁ።» ቀጠለ። «ሁለት። መዞሪያው ላይ።» ቀጠለ። «ሦስት። ይቺ እንኳ ትንሽ ናት።» ትሮምቦኑ ሊናገር ሲል ሳጅኗ ክንዱን ቆነጠጠችው። «አራት። ጋሼ ‹ገደልከው› ያሉባት እቺ ናት። አምስት፣ ዱላው ሊያመልጠኝ ብሎ። ስድስት።» ላቡ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ። «ሰባት። ከሰባተኛዋ በኋላ ጮኸው ነበር፣ ከዚያ ዝም አሉ። ተደስተው ነው ብዬ . . . እኔ እኮ ወደዱልኝ ብዬ ነው!»

«ሰባት?»

«ሰባት። እናቴን።»

መሪው ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ሳጅኗ እስከዚያ አዳራሹ በር ላይ ካለው ስልክ ደርሳለች።

*

አምቡላንሱ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተነሳ። ሐኪሟ አብራ ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ የሽማግሌውን አንጓ ይዛ፣ ሹፌሩን «ቀስ!» እና «ቶሎ!» እያለች። ትልቁ ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ልባቸው ለአራት ሰከንድ ቆመ። ማሽኑ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ቁጥሩ ቀድሟቸው ደርሷልና።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ድምድም ትራስ ተደግፈው ብርቱካን ይበላሉ። ሐኪሞቹ ‹እስኪለይለት› ብለው ደረታቸው ላይ አራት ገመድ ለጥፈውባቸዋል። ባለቤታቸው አፋቸው ድኖላቸው የሦስት ቀኑን ወሬ ባንዴ እያወጡ ነው። ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ቃላቸውን ለመቀበል መጥተዋል። ከበሮ መቺው አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የጓዱ መሪ ውሳኔውን «ጋሼ ይንቁና ከእሳቸው አፍ ልስማ» ብሎ ወደ ሰኞ አዙሮታል።

«አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ማንበብ አትችልም?» ይላሉ ባለቤታቸው። «የልብህ ምት ነው እኮ የተባለው! የልብህ!»

«እኔ በምን ልወቅ?» አሉ ጋሽ ድምድም፣ ፍሬውን እየተፉ። «ደረቴ ውስጥ ያለውን እንዲህ ብዬ አልሰማው። የምሰማው ከማዶ ያለውን ነው። ያን ማለዳ ማለዳ ስሰማ ነው ደግሞ የሚያመኝ። ጉድ ነው፣ ይኼ ሐኪም በሽታዬን አወቀልኝ አልኩ።»

«ስንት ፍሬ እንደዋጡ ያስታውሳሉ?» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ስክሪብቶውን ከሴትዮዋ አስመልሷል።

«ሳላስታውስ! አራት።»

«አራት?»

«አራት ስህተት፣ አራት ፍሬ። መንገዱ እንደሆነ ለአራትም ያው ነው ብላኛለች ሐኪሟ።» ወደ ከበሮ መቺው ዞሩና ጉልበቱን በብርቱካን እጃቸው መታ መታ አደረጉት። «አትፍራ አንተ። እኔ ስጀምር አሥራ አራት ነበር የምስተው። አራት ለጀማሪ ክብር ነው። ሰኞ መሪውን ‹ቅጠረው› ነው የምለው። ከኔ ጆሮ ምንም አያመልጥም፤ አራት ካልኩ አራት ነው።»

ሳጅኗ የኢንስፔክተሩን እግር በእግሯ ፈለገች፤ ዘገየች።

«እሱ ግን ሰባት ነው ያለው» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ማስታወሻውን እያገላበጠ። «ይኸው። መግቢያው፣ መዞሪያው፣ ትንሿ . . . ሰባት።»

ባለቤታቸው እንኳ አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ። ጋሽ ድምድም ኢንስፔክተሩን አዩ፤ ከዚያ ከበሮ መቺውን አዩ። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ነው፣ ግን ባለቤት የሌለው ዕቃ መስሏል።

«ሰባት?» አሉ። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ጆሯቸው ሄደ። «የቀሩት ሦስቱ . . . የት ላይ ነበሩ?»

ከበሮ መቺው ተነሳ። ኮፍያውን አደረገ። መልሶ አወለቀው። ስቧት የነበረችውን ወንበር አንስቶ ቦታዋ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ድምፅ ሳታሰማ አስቀመጣት።

«የት ነው?» አለች ሳጅኗ። «ኧረ መልስላቸው!»

ሦስቱን ቢቆጥርላቸው የጋሼን ጆሮ መግደል ነው። በሩን ከኋላው በቀስታ ዘግቶ ወጣ።